አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ድንበር እየተዘጋበት እንዴት ዓለምን ያዳርሳል?

አሰላሳይ፦
ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለረጅም ጊዜ አጥጋቢ መልስ ያላገኘሁለትን ጥያቄ ላንሳ። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ። ደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ነው። ድርጅቱ በሁለተኛው ቀን «አሳሳቢ ዝርያ» ብሎ መደበው፤ በነዚያው ቀናት ብዙ መንግሥታት ከደቡባዊ አፍሪካ የሚነሡ በረራዎችን አገዱ። በወረርሽኙ ዘመን ከዚህ የፈጠነ እርምጃ መወሰዱን አላስታውስም። ሆኖም ዲሴምበር 8 ቀን ዝርያው በ57 አገሮች መገኘቱ ተነገረ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022 ደግሞ ቁጥሩ 149 ደርሶ ነበር።

በሌላ በኩል፣ በ2021 መጀመሪያ ኮሎምቢያ ውስጥ የታየው ሙ እና ፔሩ ውስጥ የተስፋፋው ላምዳ በጊዜው ብዙ የተወራላቸው ቢሆኑም፣ በየአገሩ ብቅ ብቅ ካሉ በኋላ ማንም ሳያስቆማቸው ከሰሙ። እንግዲህ አንዱን ዝርያ ዓለም አቀፍ የሚያደርገው፣ ሌላውን በተወለደበት አካባቢ የሚያስቀረው ምንድን ነው? አውሮፕላኑ ነው፣ ቫይረሱ ራሱ ነው ወይስ ቫይረሱ የሚያርፍበት ሕዝብ?

ማይክሮስኮፕ፦
ሦስቱም ድርሻ አላቸው፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። ሥራዬ ከላብራቶሪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝርያው ከሚፈጠርበት ቦታ ልጀምር።

የቫይረሱ ጂኖም (ሙሉ የዘር መመሪያው) ወደ 30,000 የሚጠጉ ፊደላት ያሉት ጽሑፍ ነው። ቫይረሱ በሰው ሴል ውስጥ በተባዛ ቁጥር ይህ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ መጽሐፍ በእጁ የሚገለብጥ ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚያሳስት ሁሉ፣ እዚህም ስሕተት ይገባል። ኮሮና ቫይረሶች የገለበጡትን መልሶ የሚያርም ኢንዛይም ስላላቸው ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ያነሰ ይሳሳታሉ፤ ቢሆንም ከሰው ወደ ሰው በሚሄድ አንድ የመተላለፊያ ሰንሰለት ላይ በአማካይ በወር ሁለት ያህል ለውጦች ይጠራቀማሉ። አብዛኞቹ ለቫይረሱ ምንም አይፈይዱም፤ ለእኛ ግን ይጠቅሙናል። የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚታወቀው ስሕተቱ ሲወራረስ በማየት ነውና፣ ቫይረሱ ከየት ወደ የት እንደተጓዘ የምንከታተለው በዚሁ መንገድ ነው።

መጀመሪያ በእንግሊዝ የታየው አልፋና ኦሚክሮን ግን ከዚህ ዝግተኛ አካሄድ ወጣ ያሉ ነበሩ። ኦሚክሮን ሲገኝ፣ ቫይረሱ ከሰው ሴል ጋር በሚያያዝበት ስፓይክ በተባለው ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩበት፤ በመካከል ያሉት ደረጃዎች ደግሞ በየትም አገር ተመዝግበው አልተገኙም። ለዚህ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች ብዙ ባለሙያ የሚቀበለው፣ በሽታን የመከላከል አቅሙ በተዳከመ አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ ለወራት ሲቆይ ለውጦቹን እዚያው ሊያጠራቅም ይችላል የሚለው ነው። እንዲህ ያለ የተራዘመ ሕመም በተለያዩ አገሮች ታይቶ ተመዝግቧል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአልፋ፣ በቤታና በጋማ ላይ ኤን501ዋይ የተባለው ተመሳሳይ ለውጥ እንደ ቅደም ተከተላቸው በእንግሊዝ፣ በደቡብ አፍሪካና በብራዚል ተገኝቷል። ብዙዎች ያኔ «ከአንዱ ወደ ሌላው ተጓዘ» ብለው ነበር፤ የቤተሰብ ሐረጉ ሲታይ ግን በሦስቱም ቦታ ለየብቻ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ አንድ ለውጥ በብዙ አገር መታየቱ ብቻውን የጉዞ ማስረጃ አይሆንም።

የቁጥር ወዳጅ፦
ድንበር ሲዘጋ ሁልጊዜ የሚዘነጋው፣ ዝርያው የታወቀበት ቀንና መዛመት የጀመረበት ቀን አንድ አለመሆናቸው ነው። አልፋ በእንግሊዝ «አሳሳቢ» የተባለው ዲሴምበር 18 ቀን 2020 ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲፈትሹ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በሴፕቴምበር የተወሰዱ ሆነው ተገኙ። በነዚያ ሦስት ወራት ከለንደን አውሮፕላን ማረፊያዎች የተነሡትን መንገደኞች ያስቧቸው፤ በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት በርካታ የአውሮፓ አገሮች ለእንግሊዝ በራቸውን ሲዘጉ አልፋ በብዙዎቹ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የኦሚክሮንም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። ኖቬምበር 26 ቀን ከጆሃንስበርግ ተነሥተው አምስተርዳም ባረፉ ሁለት በረራዎች ላይ የነበሩት ከ600 የሚበልጡ መንገደኞች ሲመረመሩ በ61ዱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ፤ ከእነዚህ ኦሚክሮን የነበረባቸው ግን ከአሥር ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ነበሩ። የዓለም ዓይን ሁሉ በነዚህ ሰዎች ላይ ሲያፈጥ፣ የኔዘርላንድስ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር አስታወቀ። ኖቬምበር 19 እና 23 ቀን በአገሪቱ ውስጥ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ኦሚክሮን ቀድሞ ነበር።

ደግሞም ቫይረስ ወደ አንድ አገር የሚገባው በአንድ ሰው፣ በአንድ በር አይደለም። በ2020 የመጀመሪያው ማዕበል ወደ ብሪታንያ የገቡት ቫይረሶች በጂኖም ሲጠኑ፣ ከ1,000 የሚበልጡ የየራሳቸው መነሻ ያላቸው የመተላለፊያ ሰንሰለቶች ተገኙ። አብዛኞቹ የመጡት ሁሉም ሰው ከሚጠብቃት ከቻይና ሳይሆን ከስፔን፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ነበር። ለአንድ አገር በር መዝጋት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም፤ ዝርያው መጀመሪያ የተገኘበትን አገር እናግዳለን፣ እርሱ ግን በሦስተኛ አገር አዙሮ ይመጣል።

ባሕረኛ፦
ከላይ በተጻፈው ብዙ ብስማማም፣ ድንበር መዝጋት ፋይዳ የለውም ወደሚል መደምደሚያ እየተንሸራተትን እንዳይሆን እፈራለሁ። ኒው ዚላንድ ማርች 19 ቀን 2020 ዜጎቿና ነዋሪዎቿ ላልሆኑት ድንበሯን ዘጋች፤ የሚመለሱትንም በለይቶ ማቆያ አስቀመጠች። አልፋና ቤታ ዓለምን ሲያተራምሱ በዚያ አገር ኅብረተሰብ ውስጥ ሥር አልሰደዱም። መጀመሪያ በሕንድ የታየው ዴልታ የገባው በኦገስት 2021 ሲሆን፣ ኦሚክሮን በኅብረተሰቡ ውስጥ መዛመት የጀመረው ደግሞ በጃንዋሪ 2022፣ ከአዋቂው ሕዝብ እጅግ አብዛኛው ከተከተበ በኋላ ነው። ይህ «ከንቱ ድካም» ሊባል አይችልም። በዚያ ጊዜ የዳኑትን ሰዎች ሒሳብ ውስጥ ሳናስገባ ስለ ድንበር ብንከራከር ትርጉም ያለው አይመስለኝም።

የቁጥር ወዳጅ፦
የተከበሩ ባሕረኛ፣ ያነሡት ምሳሌ ትክክል ነው፤ እኔም አልካድኩትም። ነገር ግን ኒው ዚላንድ ያደረገችው አንድ ዝርያ ሲሰማ ለአራት አምስት አገሮች በር መዝጋት አልነበረም። ድንበሯ ለሁሉም ተዘግቶ፣ ተመላሹ ከሞላ ጎደል ሁሉ በለይቶ ማቆያ እያለፈ ነው የቆየችው፤ በዙሪያዋም ባሕር ነው። በየብስ ድንበር በየቀኑ በሺዎች የሚመላለሱባቸው አገሮች ይህን ማድረግ አይችሉም።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት ላሳይ። የአንድ ዝርያ ተጠቂዎች ቁጥር በየ3 ቀኑ እጥፍ ይሆናል እንበል፤ ኦሚክሮን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙ ቦታ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። እንዲህ ከሆነ አንድ ተጠቂ በ30 ቀን ከ1,000 በላይ ይሆናል። አሁን እገዳው ከሚገቡት ተጠቂ መንገደኞች 90 በመቶውን ቢያስቀር ወረርሽኙ በአንድ አሥረኛ መነሻ ይጀምራል ማለት ነው። ያችን ጉድለት ለመሙላት ቁጥሩ ከሦስት ጊዜ ጥቂት በለጥ አድርጎ እጥፍ መሆን ብቻ ይበቃዋል፤ ያም 10 ቀን ነው። 99 በመቶ ቢያስቀር የሚገኘው ጊዜ ወደ 20 ቀን ከፍ ይላል፤ ከዚያ አይዘልም። ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ብቻ ነው ውጤቱን በዓይነት የሚለውጠው፤ ለዚያም የሆንግ ኮንግን ታሪክ ማስታወስ ያሻል። በኖቬምበር 2021 በሆቴል ለይቶ ማቆያ ውስጥ የነበረ ኦሚክሮን ያለበት መንገደኛ፣ ከመተላለፊያው ማዶ ባለው ክፍል ለነበረ ሌላ መንገደኛ አስተላለፈ፤ ሁለቱም ከክፍላቸው እንዳልወጡ በካሜራ ታይቷል። ቫይረሱ የሄደው በአየር ነው።

ስለዚህ «ይጠቅማል ወይ?» ከማለት «የተገኘው 10 ቀን ምን ተሠራበት?» ማለቱ ይሻላል። ክትባት ለማዳረስና የሆስፒታል አልጋ ለማዘጋጀት ከዋለ 10 ቀን ትልቅ ነገር ነው፤ መግለጫ ለመስጠት ብቻ ከዋለ ግን ምንም አይደለም።

የካርታ ሰው፦
እስካሁን ሁላችንም የሚዛመት ዝርያ የግድ ከሌሎቹ የበረታ ነው ብለን ነው የተነሣነው። እንዲህ ያልሆነበትን ታሪክ ላካፍላችሁ፤ ለእኔ ከኦሚክሮን ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ ይኸኛው ነው።

በ2020 የበጋ ወራት መጀመሪያ በስፔን ሰሜን ምሥራቅ፣ በተለይ በግብርና ሠራተኞች መካከል፣ ባለሙያዎች 20ኢ (ኢዩ1) ብለው የሚጠሩት ዝርያ ታየ። የአውሮፓ አገሮች በዚያው ሰሞን ድንበራቸውን መልሰው ከፍተው ስለነበር፣ ለዕረፍት ወደ ስፔን የሄዱ ሰዎች ይዘውት ተመለሱ። ከበጋው በኋላ ባሉት የመጸው ወራት በምዕራብ አውሮፓ ብዙ አገሮች ከሚመረመሩት ናሙናዎች የዚህ ዝርያ ድርሻ ከፍተኛው ሆነ። ያኔ ብዙ ሰው «ይበልጥ ተላላፊ ሆኖ ነው» ብሎ ማሰቡ አያስገርምም፤ ግራፉን ብቻ ያየ ሰው ሌላ ሊያስብ አይችልም ነበር። ጥናቱ ሲጠናቀቅ ግን ዝርያው ከሌሎቹ የበለጠ ተላላፊ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘለትም። በስፔን የተጠቂው ቁጥር ከሌላው አገር ቀድሞ ስለጨመረ፣ መንገደኛው ሁሉ በተደጋጋሚ ይህንኑ ዝርያ ይዞ መጣ፤ በየአገሩም ቫይረሱ በበጋ ቀንሶ ስለነበር የመጣው በቀላሉ ሜዳውን ያዘ።

ልዩነቱ የሚታወቀው ጉዞው ሲቀንስ ነው። በጉዞ ብቻ የተስፋፋ ዝርያ መንገደኛው ሲቋረጥ ድርሻው ባለበት ይቆማል፤ የራሱ ብልጫ ያለው ግን በየአገሩ ውስጥ፣ ከሌላው በተለየ ፍጥነት፣ ድርሻው ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ይሄዳል። አልፋ ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀውም በዚህ ነው፤ እንግሊዝ በኖቬምበር 2020 እንቅስቃሴ ገድባ የሌሎቹ ዝርያዎች ቁጥር ሲወርድ፣ የእርሱ እየጨመረ ነበር።

አሰላሳይ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የካርታ ሰው ያቀረቡት ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ አጫረብኝ። ቤታ ቀድሞ በሰውነት ውስጥ የተፈጠረን የመከላከል አቅም በማምለጥ ከአልፋም ከዴልታም ይበልጥ እንደነበር አንብቤአለሁ። ታዲያ በ2021 አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ፣ በገዛ ሜዳው፣ ለምን በዴልታ ተተካ? ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በዚሁ የማምለጥ ችሎታ ኦሚክሮን ዴልታን አሸነፈ። እርስ በርሱ የሚጋጭ አይመስልም?

ማይክሮስኮፕ፦
አይጋጭም፤ የመጀመሪያ ጥያቄዎም ዋና መልስ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዝርያ ብልጫ የሚያገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በተፈጥሮው ይበልጥ መተላለፍ ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ የታመመውን ወይም የተከተበውን ሰው መልሶ መያዝ መቻል ነው። የሁለተኛው ዋጋ የሚወሰነው በቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ በሕዝቡ ውስጥ ስንት ሰው ቀድሞ መከላከያ አዳብሯል በሚለው ጭምር ነው። ማንም ያልታመመበትና ያልተከተበበት አገር ውስጥ የማምለጥ ችሎታ ምንም አይጠቅምም፤ የሚያመልጠው ነገር የለምና።

በ2021 መጀመሪያ በአብዛኛው ዓለም ቫይረሱን የማያውቅ ሰው ገና ብዙ ነበር። በዚያ ሁኔታ የሚያሸንፈው በቶሎ የሚተላለፈው ነው። አልፋ ከቀዳሚዎቹ በግምት በ50 በመቶ ይበልጥ ይተላለፍ ነበር፤ ዴልታ ደግሞ ከአልፋ በላይ ከ40 እስከ 60 በመቶ ጨመረበት። ቤታ፣ ሙና ላምዳ የማምለጥ ችሎታ ነበራቸው፣ በፍጥነት ግን ከዴልታ ጋር አልተወዳደሩም፤ በረራ ሳይታገድባቸው የከሰሙትም ስለዚህ ነው። አውሮፕላኑ ወስዷቸዋል፣ ደርሰዋልም፤ ባረፉበት ቦታ ግን ዴልታ ቀድሟቸው ወይም ተከትሏቸው ሜዳውን ወሰደባቸው።

በ2021 መጨረሻ ሜዳው ተለውጦ ነበር። ኦሚክሮን ሲነሣ በደቡብ አፍሪካ ጋውቴንግ አውራጃ በተደረገ የደም ጥናት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶበታል፤ በሀብታሞቹ አገሮችም ክትባቱ በስፋት ተዳርሶ ነበር። ዴልታ የሚይዘው ሰው እየቀነሰበት በሄደበት ሰዓት፣ ኦሚክሮን የታመመውንም የተከተበውንም መያዝ ስለቻለ በአንድ ጊዜ እጅግ ሰፊ ሕዝብ ተከፈተለት። በዚያ ላይ አንዱ ተጠቂ ሌላውን እስኪይዝ የሚፈጀው ጊዜ ከዴልታ አጠረ፤ ብዙ ተጠቂዎች ተመርምረው ከመለየታቸው በፊት ሌላው ትውልድ ተይዞ ይገኝ ነበር። ክትባቱ ከባድ ሕመምንና ሞትን በመከላከል ረገድ ብዙ አቅሙን ይዞ መቆየቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ «ክትባቱን አመለጠ» ሲባል ሁሉንም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ አንድ ዝርያ በራሱ «ጠንካራ» ወይም «ደካማ» አይባልም። ቤታ በ2021 መጨረሻ ቢነሣ ምናልባት ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ታዛቢ፦
እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ «ከየት መጣ» የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ «የት ታየ» ማለት ብቻ መሆኑ። ጋማ መጀመሪያ የተለየው ከብራዚል አማዞናስ ተነሥተው በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሱ መንገደኞች ላይ፣ በጃፓን ነው። በዚያን ሰዓት የማናውስ ከተማ በሁለተኛው ማዕበል ውስጥ ነበረች። ጃፓን ባትመረምር ኖሮ ዜናው ስንት ቀን በዘገየ ነበር? ዴንማርክና ብሪታንያ ከናሙናቸው ከፍተኛ ድርሻ ይመረምሩ ስለነበር ብዙ ዝርያ የሚገኘው በእነርሱ ዘንድ ነበር፤ ከመቶ አንዱን እንኳ የማይመረምር አገር «አዲስ ዝርያ የለብንም» ሲል የሚናገረው ስለ ላብራቶሪው ነው።

በዚህ ረገድ በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ላይ የተፈጸመው አሁንም ይከነክነኛል። ሁለቱም አገሮች በቀናት ውስጥ ጂኖሙን አጥንተው ለዓለም ገለጡ፤ ምላሹ የበረራ እገዳ ሆነ፣ እገዳው ደግሞ የላብራቶሪ ኬሚካል የሚያመጡትን በረራዎች ጭምር ነካ። የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 31 ቀን 2021 ዝርያዎች በግሪክ ፊደላት እንዲጠሩ የወሰነው አገሮች በስማቸው እንዳይነወሩና ያገኙትን ከመናገር እንዳይቆጠቡ ነበር። ስሙ ተለወጠ፤ ቅጣቱ ግን አልቀረም። ያገኘ አገር የሚቀጣ ከሆነ የሚቀጥለው አገር ቢያገኝም ለምን ይቸኩላል?

ባሕረኛ፦
ታዛቢ ያነሡት ቁጭት ተገቢ ነው። ነገር ግን ተቃራኒውም አደጋ አለ፤ ቻይና በዲሴምበር 2022 ገደቦቿን ስታነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ታመመ፣ ከዚያ የሚወጣው መረጃ ግን አነስተኛ ነበር። ጣሊያን፣ ጃፓን፣ ሕንድና አሜሪካ መንገደኞቹ እንዲመረመሩ ማዘዛቸው ያኔ ስሕተት ነበር ትላላችሁ?

የካርታ ሰው፦
መመርመሩ ስሕተት አልነበረም፤ የምርመራው ዓላማ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ተጠቂውን ከበር ለመመለስ ከሆነ የቁጥር ወዳጅ ያሰሉት ስሌት ይመልሰዋል። ምን ዓይነት ዝርያ እየመጣ እንደሆነ ለማወቅ ከሆነ ግን እጅግ ጠቃሚ ነበር፤ የተገኘውም በሌላው ዓለም ቀድሞ የዞረው የኦሚክሮን ዘር፣ በተለይ ቢኤ.5.2 እና ቢኤፍ.7 ነበር። ምክንያቱ ማይክሮስኮፕ ከጻፉት ጋር ይሄዳል። በቻይና ብዙው ሕዝብ ከዚያ በፊት ስላልተያዘ ቫይረሱ ለማምለጥ የሚያስገድደው ግፊት አነስተኛ ነበር። ሌላው ዓለም በዚያን ወቅት ይጨነቅበት የነበረው ኤክስቢቢ የተባለው ዝርያ የተነሣው በሌላ ቦታ፣ ቢኤ.2 ከተባለው የኦሚክሮን ዘር የወጡ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው ጂኖማቸውን በመቀላቀላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለቱም ዝርያዎች በአንድ ጊዜ በብዛት የሚዞሩበት ሕዝብ ያስፈልጋል።

ዛሬ በየቤቱ የሚደረገው ምርመራ ከቀነሰ በኋላ ዋናው መከታተያ የፍሳሽ ውሃ ነው፤ አንዳንድ አገሮች ከረጅም በረራ የሚወርደውን የአውሮፕላን መጸዳጃ ፍሳሽ ጭምር ይመረምራሉ። መንገደኛው አይጉላላም፣ በረራው አይታገድም፣ ከአንድ አውሮፕላን በተወሰደ ናሙና የብዙ ሰው ሁኔታ ይታወቃል። በኦገስት 2023 ቢኤ.2.86 የተባለው ዝርያ በእስራኤል፣ በዴንማርክ፣ በአሜሪካና በብሪታንያ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲታይ ናሙናዎቹ ገና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በመካከላቸው ምንም ግንኙነት አለመታየቱ ዝርያው ሳይታወቅ ብዙ አገር መዳረሱን አመለከተ። በራሱ ብዙ አልተስፋፋም። በስፓይኩ ላይ አንዲት ለውጥ የጨመረው ልጁ ጄኤን.1 ግን በ2024 መጀመሪያ ዓለምን አዳረሰ፤ በዚያን ጊዜ በስሙ የተዘጋ አንድም ድንበር አላስታውስም።

አሰላሳይ፦
ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ አዲስ ነው። የአውሮፕላን ፍሳሽ ምርመራ ውጤት ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ እስኪታወቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ካለ ቢጨምርበት ደስ ይለኛል፤ የቁጥር ወዳጅ ባሉት 10 ቀን ውስጥ ካልደረሰ ጥቅሙ የሚቀንስ ይመስለኛልና።

ማይክሮስኮፕ፦
ቫይረሱ መኖር አለመኖሩ በፒሲአር (የቫይረሱን የጂኖም ክፍሎች አባዝቶ በሚለይ ምርመራ) በአንድ ሁለት ቀን ይታወቃል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ጂኖሙ መነበብ ስላለበት፣ ላብራቶሪው ቅርብና ዝግጁ ከሆነ ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ናሙናው ወደ ሌላ አገር የሚላክ ከሆነ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ ያኔም የቁጥር ወዳጅ ያሰሉት ጊዜ ያለፈ ይሆናል። ፍሳሹ ውስጥ የብዙ ሰው ቫይረስ ተደባልቆና ተቆራርጦ ስለሚገኝ ዝርያዎቹን መለየት ከአንድ ሕመምተኛ ናሙና ይልቅ አድካሚ ነው። አልፋን ያህል የታወቀ ዝርያ በአጭር መንገድ፣ ፒሲአር ከሚፈልጋቸው የጂኖም ክፍሎች አንዱ ሳይገኝ በመቅረቱ ብቻ መገመት ይቻል ነበር፤ ኦሚክሮንም በመጀመሪያ በጋውቴንግ የተጠረጠረው በዚሁ ምልክት ነው። ለሚመጣው ዝርያ ይህ ምልክት ስለመኖሩ ግን ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።